የመሪ ዘይት መያዣ ሲያፈስ
ለልማት ሠራተኞች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለሾፌሮቻቸው

ሰኔ ሊገባደድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ቀበሌዎች በሚጓጓዝበት ሰሞን፣ የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ፒክአፕ መኪና ከዳገት ግርጌ ቆሞ አገኘን። ስምንት ኩንታል ዩሪያ ጭኗል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ በጭነቱ ላይ የተዘረጋው ሸራም ዳር ዳሩን አይደርስም። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ አጎንብሷል፤ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ጃንጥላ ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል። "ምን ገጠመህ ወንድሜ?" ብንለው፣ "መሪው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ጠዋት ዘይት ሞልቼበት ነበር፤ አሁን ግን ባዶውን ነው" አለ። ከመቀመጫው ሥርም አንድ የውሃ ፕላስቲክ አውጥቶ አሳየን፤ በውስጡ ግማሽ ያህል ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀጭን ፈሳሽ ነበረበት። "ይህስ ምንድን ነው?" "የመሪ ዘይት ነው መሰለኝ፤ ከመጋዘን ነው ያመጣሁት።"

የመሪ ዘይት አልነበረም፤ የፍሬን ዘይት ነበር።

ነገሩ ወደ ኋላ ሲጣራ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ከአራት ወር በፊት ከመሪ ዘይት መያዣው ሥር ያለች አንዲት የጎማ ቱቦ ማጥበቂያ ላልታ ማንጠባጠብ ጀመረች። ሾፌሩ በየሳምንቱ ቀይ ዘይት እየጨመረ ይነዳ ነበር። ቀዩ ዘይት ሲያልቅ በመጋዘን ውስጥ ስም ሳይጻፍበት ከተቀመጠ ፕላስቲክ ቀዳ። የፍሬን ዘይት በመሪው ውስጥ ያሉትን ጎማዎች አሳብጦ አበላሻቸው፤ ቀደም ሲል ከአንድ ቦታ ብቻ ያፈስ የነበረው አሁን ከፓምፑም ከመሪ ሣጥኑም ያፈስ ጀመር። መኪናው በዘር ወቅት ሁለት ሳምንት ጋራዥ ተኛ፤ ፓምፑም ተለወጠ። የላላችውን ማጥበቂያ ለማጥበቅ አንድ ካቻቢቴና አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ብዙ ማኅበራት በዚሁ መንገድ ገንዘብና ጊዜ ሲያባክኑ ስለሚታይ ነው። ሾፌሮች የሙያ ጉድለት ኖሮባቸው አይደለም። የመሪ ዘይት መጉደል እንደ ጎማ መተንፈስ ወዲያው የሚያስቆም ባለመሆኑ፣ ዘይት እየጨመሩ መንዳት ጥገና መስሎ ስለሚታይ ነው። ዘይት መጨመር ግን ጥገና አይደለም።

ዘይቱ ምን ይሠራል?

ቀደም ባለው ዘመን የጭነት መኪና መሪ ለማዞር የሾፌሩ ክንድ ብቻ ነበር የሚያገለግለው። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሠርቶ አሳየ፤ ሆኖም ለገበያ በቀረበ የቤት አውቶሞቢል ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ዛሬ በገጠር መንገድ የምናያቸው አብዛኞቹ ፒክአፖችና አይሱዙ የጭነት መኪኖች በዚሁ በዘይት የሚታገዝ መሪ አላቸው። አንዳንድ አዳዲስ አውቶሞቢሎችና የኤሌክትሪክ መኪኖች መሪያቸው በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚታገዝ ይህ ዘይት የላቸውም፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ እነርሱን አይመለከትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከኮፈኑ ሥር፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎን፣ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ዕቃ ይገኛል። የመሪ ዘይት መያዣ የምንለው ይህ ነው። ከሥሩ ወፈር ያለ የጎማ ቱቦ ወጥቶ ዘይቱን ወደ ፓምፑ ያወርዳል። ፓምፑ በሞተሩ ኃይል፣ በአብዛኛው በቺንጋ፣ እየዞረ ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት ወደ መሪ ሣጥኑ ይልካል። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ይህ ግፊት 70፣ 100 ባርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የመኪና ጎማ በሚነፋበት ግፊት ቢለካ ከሠላሳ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሥራውን የጨረሰው ዘይት ቀጠን ባለ ሌላ ቱቦ ወደ መያዣው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ሊታወስ የሚገባው ነገር አለ። ግፊቱ ያለው ከፓምፑ እስከ መሪ ሣጥኑ ባለው ቱቦ ውስጥ ብቻ ነው። መያዣው ራሱ ግፊት የለበትም፤ ክዳኑም አየር የሚያስተነፍስ ቀዳዳ አለው። ስለሆነም መያዣው ላይ የሚታይ ማፍሰስ በአብዛኛው በቀላል መሣሪያና በጥቂት ወጪ የሚጠገን ነው። ከግፊቱ ቱቦ የሚወጣው ግን በሜዳ ላይ የሚነካ አይደለም።

የሚያፈሰው በእርግጥ መያዣው ነው ወይ?

"መያዣው ተሰንጥቋል" እየተባለ አዲስ ዕቃ ተገዝቶ፣ ከተገጠመ በኋላ እንደ ቀድሞው ሲያንጠባጥብ የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። ዘይት ከወጣበት ቦታ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ መሬት ላይ የታየው ጠብታ የምንጩን ቦታ አያሳይም። ደንቡ ከርጥቡ ሁሉ ከፍ ብሎ ያለውን ርጥብ መፈለግ ነው።

በመጀመሪያ ፈሳሹ ምን እንደሆነ ይለዩ። ነጭ ወረቀት ወይም የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ፕላስቲክ ከመኪናው ሥር አንጥፈው ያሳድሩ። ጠዋት ቀይ ወይም ወደ ቡናማ የሄደ ቀይ፣ በጣት ሲታሽ የሚያንሸራትት ቀጭን ዘይት ከታየ የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ከሆነ ግን የካምቢዮው ዘይትም ቀይ ነውና ጠብታው ወደየትኛው ጎን እንደሆነ ያስተውሉ። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። እንደ ውሃ የቀጠነና ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው አረንጓዴ ወይም ሮዝ ፈሳሽ የራዲያተር ነው። ይህ የራዲያተር ፈሳሽ መርዝ ስለሆነ በምላስ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም፤ የፈሰሰውንም ውሾችና ዶሮዎች ሳይደርሱበት ማጽዳት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ መያዣውንና ዙሪያውን ያጽዱ። በመጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያም ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ፣ በመጨረሻም በሳሙና ውሃ ተጠርጎ ይድረቅ። ቺንጋውን ጋዝ እንዳይነካው ይጠንቀቁ። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት መጽዳቱ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ በመንገዶቻችን ላይ ያለው አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ስለሆነ አንዲት ቁንጥር ወደ ውስጥ ብትገባ ፓምፑን እንደ ሞረድ ትሞርደዋለች። ከደረቀ በኋላ የጠመኔ ዱቄት በጨርቅ አድርገው በመያዣውና በቱቦዎቹ ጫፍ ላይ በስሱ ያርከፍክፉ። ጠመኔ በየልማት ጣቢያው አይጠፋም። ዘይት የነካው ጠመኔ ወዲያው ይጠቁራል፤ የዘይቱም መንገድ እንደ ቀለም መስመር ይታያል።

አሁን አንድ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙር፤ በጥግ ላይ ግን ከአምስት ሰከንድ በላይ አይያዘው። ሌላው በእጅ ባትሪ ይመልከት። ነጠላና ሻሽ ከቺንጋው ይራቅ። የግፊት ቱቦ ያፈሰሰ ሆኖ ከተጠረጠረ በእጅ ዳሰሳ አይፈለግም፤ ከቀጭን ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል። እንዲህ ያለ ጉዳት ላዩ ትንሽ ቢመስልም ሰውየውን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ግዴታ ነው። በእጅ ፋንታ ካርቶን ያስጠጉ።

ሲታይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

ክዳኑ ዙሪያ ርጥብ ከሆነና ከታች ያለው ሁሉ ደረቅ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት መጠኑን ይመልከቱ። በመያዣው ላይ ወይም በክዳኑ መለኪያ ዘንግ ላይ ለቀዝቃዛና ለሙቅ ዘይት የተለያዩ ምልክቶች አሉ። አንድ ሾፌር ማለዳ በደጀን ብርድ ዘይቱን እስከ ሙቁ ምልክት ሞልቶ፣ ወደ ዓባይ በረሃ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ መሪውን ያለማቋረጥ ያዞራል፤ ዘይቱ ይግላል፤ ይሰፋል። አንድ ሊትር ዘይት ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ቢጨምር ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰፋል፤ ይህም ከአንድ የቡና ስኒ ጥቂት ቢያንስ ነው። ትርፉ በክዳኑ ማስተንፈሻ ይወጣል። ሾፌሩ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ኮፈኑን ከፍቶ "መያዣው ተበሳ" ይላል። የተበሳ ነገር የለም፤ ሲቀዘቅዝ እስከ ቀዝቃዛው ምልክት ብቻ መሙላት ይበቃል። መጠኑ ልክ ሆኖ ክዳኑ ካፈሰሰ ደግሞ በውስጡ ያለው ጓርኒሲዮን ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ክዳኑን ብቻ መለወጥ ነው። ክዳን ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈበት መኪናም አይተናል፤ ጨርቁ ክሩን እየጣለ ማጣሪያውን ይደፍናል።

ዘይቱ አረፋ ሠርቶ፣ መልኩ ነጣ ብሎ፣ ፓምፑም መሪው ሲዞር የሚያላዝን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና ልብ ይበሉ። ከመያዣው ወደ ፓምፑ የሚወርደው ወፍራም ቱቦ የሚጠባ ቱቦ ነው። ማጥበቂያው ሲላላ፣ ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ በዚያው ቦታ ዘይት ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። የገባው አየር ዘይቱን አረፋ አድርጎ በክዳኑ በኩል ያስወጣዋል። እንግዲህ ከላይ በክዳኑ የሚያፈስ፣ ከታች የሚያንጠባጥብና የሚያላዝን መኪና ሦስት በሽታ ያለበት መስሎ ይታያል። መድኃኒቱ ግን አንዲት ማጥበቂያ ልትሆን ትችላለች።

ቱቦው ከመያዣው አንገት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ርጥብ ከሆነ፣ ማጥበቂያው ላልቷል ወይም የቱቦው ጫፍ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መያዣው በፓምፑ አናት ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ኦሪንግ የሚባለው ክብ ጎማ ያረጀ ሊሆን ይችላል።

የመያዣው አካል ራሱ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በሦስት ቦታ ነው፤ ሁለቱ የፕላስቲክ ግማሾች በተጣበቁበት መስመር፣ በቱቦው አንገት ሥር፣ እንዲሁም ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ቡሎን አጠገብ። የዚህ የመጨረሻው መነሻ መንቀጥቀጥ ነው። ቡሎኑ ወድቆ መያዣው በቱቦዎቹ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ወራት የሚሄድ መኪና ጥቂት አይደለም። በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና ቡሎኖቹን በየወሩ መፈተሽ ይኖርበታል።

ይነዳ ወይስ ይቁም?

ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ጭነት ቀርቦ፣ ገበሬውም ተሰልፎ ሳለ "ይቁም" ማለት ቀላል አይደለም።

ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት በላይ ካለ፣ የሚንጠባጠበውም ከመያዣው ወይም ከሚጠባው ቱቦ ጥቂት ጥቂት ከሆነና በጋለ ብረት ላይ ካላረፈ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ ትክክለኛ ዘይት ይዞና መንገድ ላይ ደጋግሞ እያዩ እስከ ጋራዥ መንዳት ይቻላል። በአንድ ጉዞ ከምልክቱ በታች የሚወርድ ከሆነ ግን አይነሣ። ፓምፑ የሚለሰልሰውም የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ዘይት ስለሆነ ያለ ዘይት ሲዞር ብረት በብረት ይፋጫል፤ የተፋጨውም ብናኝ ወደ መሪ ሣጥኑ ይሄዳል። ዘይቱ በጭስ ማውጫው ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ሽታውና ጭሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ሊቀጣጠል ስለሚችል ወዲያው ይቁም።

ዘይቱ ያለቀበት መኪና መሪው ጨርሶ አይጠፋም፤ በመሪውና በጎማዎቹ መካከል የብረት ግንኙነት ስላለ በክንድ ኃይል ይዞራል። ይህ አንዳንድ ሾፌሮችን ያዘናጋል። ጭነት የያዘ መኪና በቁልቁለት ጥምዝ ላይ እርዳታው በድንገት ሲቋረጥ፣ ሾፌሩ የለመደውን ያህል ብቻ ስለሚያዞር መኪናው መዞር ከሚገባው ያነሰ ይዞራል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በዚያች ቅጽበት ነው።

ጥገናው

ማጥበቂያ ከላላ ማጥበቅ ነው፤ ነገር ግን በመጠኑ። ፋሸታውን ያለ ልክ ያጠበቀ ሰው የፕላስቲኩን አንገት ይሰነጥቃል፤ ትንሹን ጉዳት በትልቁ ለወጠ ማለት ነው። በስፕሪንግ የሚይዘው ዐይነት ከሆነ በፒንሳ ጨምቆ ቀድሞ ካልተጨመቀበት አዲስ ቦታ ላይ ማሳረፍ ይጠቅማል። የቱቦው ጫፍ ብቻ ከተሰነጠቀና ቱቦው ርዝመት ካለው አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር በስለት ቀጥ አድርጎ ቆርጦ መልሶ ማስገባት ይቻላል። ቱቦው በሙሉ ከደረቀ ይለወጥ። የሚተካውም ዘይት የሚችል ቱቦ ይሁን። የራዲያተር ቱቦ ውስጡ ዘይት ሲነካው ይልማል፤ ሲጠባም ይጨመደዳል።

ስለ ካላማዳሪ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በየመንገዱ የምናየው ዋነኛ ጥገና የጎማ ካላማዳሪ ቀድዶ በስንጥቁ ላይ መጠምጠም ነው። ካላማዳሪ የሚሠራበት ጎማ አየር እንዳያስወጣ የተመረጠ ነው፤ የማዕድን ዘይት ግን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋልም። ጠዋት የጠበቀው ከሰዓት ይላላል። ሳሙና መለጠፍም እንዲሁ ነው፤ ዘይቱ ሲግል ይለቃል፣ ወደ ውስጥ ከገባም ማጣሪያውን ይደፍናል። ችግር ጊዜን አይጠይቅምና ጋራዥ እስኪደርሱ ቢደረግ አንነቅፍም። የምንነቅፈው እንዲሁ ታስሮ ሦስት ወር መነዳቱን ነው።

የተሰነጠቀ የፕላስቲክ መያዣ በማጣበቂያ ሲጠገን ሳምንትም አይቆይ፤ ዘይት የጠጣ ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይዝም። በጋለ ብረት አቅልጦ መድፈንም ለጉዞ ያህል ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን መያዣው ከመኪናው ወርዶ፣ ዘይቱ ተደፍቶና በሳሙና ታጥቦ ሲደርቅ ብቻ ነው የሚሞከረው። "ማፍሰስ ያቆማል" ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው መድኃኒት ደግሞ የደረቁ ጎማዎችን ለማሳበጥ የተሠራ በመሆኑ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ላይ ምንም አያደርግም። እኛ አንመክርም።

አሮጌ መያዣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ የመለዋወጫ ገበያ የሚገዛ ማኅበር፣ ዕቃውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ስንጥቅ ካለው ይመልከት፤ ከዚያም ቀዳዳዎቹን በጣት ደፍኖ ውሃ ውስጥ እየነከረ ይንፋበት። አረፋ ከወጣ ይተወው። በብዙ መኪኖች ላይ ማጣሪያው ከመያዣው ግርጌ አብሮ የተሠራ ነውና ወንፊቱ በጥቁር ዝቃጭ የተሞላውን መግዛት ኪሳራ ነው። በውሃ የተፈተነው መያዣ አንድ ጠብታ ሳይቀርበት መድረቅ አለበት።

ለመለወጥ በመጀመሪያ አሮጌውን ዘይት ከመያዣው ውስጥ መምጠጥ ነው። ለዚህ ትልቅ የእንስሳት ሕክምና መርፌ ያለ ሹሉ፣ ከቀጭን ላስቲክ ጋር፣ በጣም ይመቻል። አንድ ጊዜ ዘይት የነካ መርፌ ግን ወደ እንስሳት ሕክምና እንዳይመለስ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ቱቦዎቹ ሲነቀሉ የትኛው የት እንደነበረ በክር ይለይ፤ ጫፋቸውም በንጹሕ ፕላስቲክ ይታሰር። ኦሪንግ ካለ አዲስ ይግባ፤ ከመግባቱም በፊት በዚያው የመሪ ዘይት ይታሽ። በደረቁ የገባ ጎማ ይጣመማል።

አየር ማስወጣት

ከጥገናው ይልቅ የሚዘነጋው ይህ ነው። የኋላ ጎማዎች በታኮ ወይም በድንጋይ ይያዙ፤ የፊቱ በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። መያዣው እስከ ቀዝቃዛው ምልክት ይሞላና፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ አንድ ሰው መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ 15 ወይም 20 ጊዜ ያዙር። ዘይቱ እየጎደለ ይሄዳል፤ ሌላው እየተከታተለ ይጨምር። አረፋው ሲቀርና መጉደሉ ሲቆም ሞተሩ ይነሣ፤ ያለ ነዳጅ ጭማሪ፣ መሪው ጥቂት ጊዜ እንደገና ይዙር። አሁንም አረፋ ካለ ሞተሩን አጥፍቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማሳረፍና መድገም ነው። ተቻኩሎ ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን የሚያዋክብ ሰው አየሩን ከዘይቱ ጋር ይመታዋል፤ እንደ ተናጠ ወተት ከሆነ በኋላ ለመጥራት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል።

በአብዛኛው ፒክአፕ ውስጥ የሚገባው ዘይት ጠቅላላው አንድ ሊትር ገደማ ነው። ሁለት ሊትር የጨረሰ መካኒክ ካለ ዘይቱ የት እንደሄደ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የዘይቱ ዐይነት

ትክክለኛው ዐይነት በክዳኑ ላይ ወይም በመኪናው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። በብዙ የጃፓን ፒክአፖችና ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ የሚያገለግለው ኤ ቲ ኤፍ የሚባለው ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ዴክስሮን ከሚባሉት ወገን ነው። ሁሉም መኪና ግን አንድ አይደለም። የተለየ የራሳቸው ዘይት የሚጠይቁ አሉ፤ ክዳኑ ሳይነበብ አይቀዳ። የሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ በብርድ ጠዋት ፓምፑን ያስጨንቀዋል።

የፍሬን ዘይት ከነዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ከማዕድን ዘይት የተሠራ ስላልሆነ የመሪው ጎማዎች አይችሉትም። በስሕተት ከገባና ሞተሩ ገና ካልተነሣ፣ ሳያስነሡ በመርፌ መጥጦ መያዣውን ማጠብ ያድናል። ከተነሣ ግን መላው መንገድ በአዲስ ዘይት መታጠብ ይኖርበታል፤ እርሱም ሳይረፍድ ከሆነ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ከመጋዘን ነው። የማኅበራት መጋዘን ውስጥ የመሪ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የአረም መድኃኒት፣ አንዳንዴም የምግብ ዘይት በአንድ መደርደሪያ ላይ በውሃ ፕላስቲክ ተቀምጠው ይገኛሉ። ዘይት ከመጣበት ዕቃ አይገለበጥ። መገልበጡ ግድ ከሆነ ስሙ በማይለቅ ቀለም ይጻፍበት፤ ከምግብና ከጸረ ተባይም ተለይቶ ይቀመጥ።

የወጣው አሮጌ ዘይት በታሸገ ጀሪካን ተጠራቅሞ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስቡ ጋራዦች ይሰጥ። መዥገር ያጠፋል ተብሎ በከብት ቆዳ ላይ እንዳይቀባ የልማት ሠራተኞች ለገበሬው ሊያስረዱ ይገባል፤ ቆዳውን ያቆስላል፣ ከብቱም ሲልሰው ወደ ሆድ ይገባል።

ትራክተር ያላቸው ማኅበራት

ከላይ በመኪና መሪው በክንድ ይዞራል ብለናል። ብዙ ትራክተሮች ግን እንደዚህ አይደሉም። መሪያቸው ሙሉ በሙሉ በዘይት የሚሠራ በመሆኑ ከሾፌሩ መሪ እስከ ፊት ጎማዎቹ የሚደርስ የብረት ዘንግ የላቸውም፤ ያለው የዘይት ቱቦ ብቻ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ በውስጡ ዘይት እስካለ ድረስ በእጅ በብዙ ድካም ማዞር ይቻላል። ዘይቱ ካለቀ ግን መሪው ቢሽከረከርም ጎማው አይታዘዝም። ስለሆነም በመኪና ላይ "እስከ ጋራዥ እንንዳው" ያልነው ምክር ለትራክተር አይሠራም። የመሪ ዘይቱ የሚያፈስ ትራክተር፣ በተለይ ተጎታች ይዞ፣ ወደ መንገድ አይውጣ፤ ባለበት ይጠገን። አንዳንዶቹ ለመሪ ብቻ የተለየ መያዣ ሲኖራቸው ሌሎቹ ከማርሽ ሣጥኑ ዘይት ይጋራሉ። በነዚህ ላይ የሚገባው ዘይት ከመኪናው ቀይ ዘይት የተለየ ሊሆን ስለሚችል ከመጽሐፉ ሳይረጋገጥ አይጨመር።

መዝገቡ

መጀመሪያ ላይ የነገርናችሁ ማኅበር ዛሬ በመኪናው ውስጥ አንድ ደብተር አለው። ሾፌሩ ሰኞ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የመሪ ዘይቱን ያያል፤ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የጨመረውንም መጠን በመርፌው ለክቶ ይጽፋል። የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ደኅነኛ መኪና በወራት ውስጥ አይጎድልበትም። በመሆኑም ገንዘብ ያዧ ደብተሩን ሲያዩ በሁለት ተከታታይ ሰኞ ዘይት ተጨምሮ ካገኙ፣ ሦስተኛውን የዘይት መግዣ ከመፈረማቸው በፊት መኪናውን ራሳቸው ኮፈኑን አስከፍተው ያያሉ። ባለፈው ኅዳር አንድ ጊዜ እንዲህ አድርገው የመያዣው ቡሎን ወድቆ ቱቦዎቹ ላይ ተንጠልጥሎ አገኙት። ቡሎኑ ከመጋዘኑ የቁርጥራጭ ሣጥን ውስጥ ተገኘ።